ከደሴ እስከ አርዲቦ፣ በመቀነት በታሰረ ታንኳ

ከጉዞው ከተመለስን ወዲህ ሰፈሬ ሆጤ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እውነት ሰጥማችሁ ነበር?» ይለኛል። አልሰጠምንም። የሰጠሙት ታንኳዎቹ ናቸው፤ ያውም እኛ ሳንሳፈርባቸው፣ ሌሊቱን ብቻቸውን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደሴ ስለገባ እያንዳንዱ አፍ የራሱን ጨው ጨምሮበታል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አርዲቦ ሐይቅን ለማየት ዕድሉም ጉልበቱም የሌላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ምድጃችሁ ዳር ሆናችሁ አንብቡት።

ሐሳቡን ያመጣችው ሰላማዊት ናት። ሰላማዊት ጣና ዳር ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ ደሴ ስፖርት የምታስተምር ወጣት ናት። ሴቶች ለጤንነታቸው ስፖርት ይሥሩ የሚል መመሪያ ከበላይ ሲወርድ ሌሎች ቀበሌዎች ገመድ ዝላይ ጀመሩ። እሷ ግን ሊቀመንበራችን ፊት ቆማ «ሴቶቹን ወደ ውኃ ልውሰዳቸው» አለች። «ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ድስት የለ። ታንኳ ይቅዘፉ፣ ንጹሕ አየር ይሳቡ፣ ይረፉ።» ሊቀመንበሩ «ይህ ለአብዮቱ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቃት። «ጡንቻ» አለችው። ጡንቻን የሚቃወም አብዮተኛ የለምና ማኅተሙን መታላት። እኔ የቤት ውስጥ ሙያ አስተማሪ ነኝ፤ ስፌትና ጥልፍ ሳስተምር የኖርኩ፣ ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ የጠለቀ ውኃ ገብቼ የማላውቅ። «ድስት የለም» የሚለውን ስሰማ ግን ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

ስምንት ሆንን፤ ግማሾቻችን የደሴ፣ ግማሾቻችን ወሬውን ሰምቶ ቀበሌያቸው የላካቸው የኮምቦልቻ። ኮምቦልቾቹ በዋዜማው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተው እኛ ዘንድ አደሩ። እንደ ልማዳቸው ስስ ልብስ ለብሰው መጥተው፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅባቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። የደሴ ሰው እንግዳ ሲበርደው ማየት ደስ እንደሚለው አልደብቅም። በብርዳችን እንኮራለን፤ ጋቢም አበደርናቸው፣ ግን ትንሽ ካየናቸው በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ተነሳን። ሰላማዊት አናጺ ዘንድ ያሠራቻቸውን መቅዘፊያዎች በገመድ አስራ ይዛለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኬላ ላይ ጠባቂው አስወርዶ የይለፍ ወረቀታችንን አየ። ወረቀቱ ነገር አልተገኘበትም። ዓይኑ መቅዘፊያዎቹ ላይ ሲያርፍ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ምንድነው?»

«መቅዘፊያ» አለች ሰላማዊት።

«ለምን የሚሆን?»

«ለመቅዘፍ።»

ጠባቂው አንዱን አንስቶ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ደገፈና ጫፉን መረመረ። ወደ አለቃው ይዞት ሊሄድ ሲል ሐዋ አቋረጠችው። ሐዋ ሰኞ ገበያ ቅመም የምትነግድ፣ አንደበቷ ከበርበሬዋ የሚብስ ወዳጄ ናት። «ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ዳቦ ከምድጃ የሚያወጡበት እንጨት ነው። ሐይቅ ከተማ ድግስ አለብን» አለችው። ፊቱ በራ። «ታዲያ እንዲህ አትሉም!» ብሎ አሳለፈን። ሰላማዊት እስከ ሐይቅ ከተማ ድረስ አኮረፈች፤ በሙያዋ ሲቀለድ አትወድም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ከኮምቦልቻ የመጡት ወይዘሮ ዘይነብ ነበሩ። ጉልበታቸውን ክፉኛ የሚያማቸው ሰፊ ሴት ናቸው። ደረጃ ለመውጣት ደጋፊ የሚሹ እናት ታንኳ ሊቀዝፉ መምጣታቸው ሁላችንንም ገርሞን ነበር።

«እትዬ ዘይነብ፣ ስፖርቱን እውነት ወደውት ነው?» አልኳቸው።

ግራ ቀኙን ቃኝተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ስፖርቱስ ባፍንጫዬ ይውጣ። ልጄን ልይ ብዬ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሰዓዳ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ገበሬ ልታስተምር ከአርዲቦ ማዶ ወዳለ መንደር ተልካ ነበር። ዘመቻው ሲያበቃ ጓደኞቿ ተመለሱ፤ እሷ ፊደል ካስቆጠረቻቸው ገበሬዎች አንዱን አግብታ እዚያው ቀረች። አባቷ አቶ ሙሄ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ሐኪም ስትሆን ለማየት ሌት ተቀን መርፌ የገፉ ሰው። የሆነውን ሲሰሙ ስሟ በቤታቸው እንዳይነሳ ከለከሉ። እናትየውም ጠብ ፈርተው ሦስት ዓመት ዝም አሉ። ሰሞኑን ሰዓዳ ወንድ ልጅ ወለደችና በገበያተኛ አፍ እንዲህ ብላ ላከች፦ «የልጄ ስም የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ እስከ አሱር ሰላት ከደረሰች ደረሰች። ይህንንም ከቀረች ከእንግዲህ እናት አለችኝ ብዬ አልልክባትም።»

«ለአባቷስ ምን ብለው ወጡ?» አልኳቸው።

«ቀበሌ አዘዘኝ አልኩታ! ሙሄ ለእኔም ለወንድሞቹም እምቢ ይላል። ቀበሌን እምቢ የሚልበት አንገት ግን የለውም።»

ሐዋ ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማን ኖሮ «ወላሂ፣ አብዮቱ ለአንድ ሰው እንኳ ጠቀመ» አለች። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ የሚባልበት ጊዜ አልነበረምና ሁላችንም በአንድ ላይ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርን።

ያን ቀን ሐይቅ ከተማ አደርን። የመኝታ ቤቱ ባለቤት ሁለት አልጋ ለስምንት ሴት ሰጥታን «ተዛዝላችሁ እደሩ» አለችን። ለራት ዓሣ ቀረበልን። ደሴ ውስጥ ዓሣ ማለት በጾም የሚወራለት እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም፤ እኛም እንደ ሥጋ ወጥ ባንድ ጉርሻ ልናነሳው ሞክረን በእሾሁ ተወጋን። ሐዋ አንዱ ጉሮሮዋን ሲወጋት ለጊዜው ዝም አለች፤ ሰላም የሰፈነባት ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች። ባለቤቲቱ እትዬ ዘይነብ ሲያነክሱ አይታ ሳትጠየቅ ውኃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራበት፣ ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ ጉልበታቸውን አሸችላቸው። ስለ አልጋው ያሰብኩትን ሁሉ በልቤ ይቅር አልኳት።

ዓርብ ወደ አርዲቦ ወጣን። እትዬ ዘይነብ በኪራይ በቅሎ፣ እኛ በእግር። ባለበቅሎው አድርሷቸው ያንኑ ቀን ወደ ሐይቅ ከተማ ተመለሰ። ዳገቱ ላይ ኮምቦልቾቹ ሲያለከልኩ እኛ ደሴዎች፣ ዳገት ላይ የተወለድን ነን ብለን ቀድመን ወጣን፤ ላዩ ላይ ደርሰን ግን መተንፈስ አቅቶን የቆምነው አበባ የምናይ መስለን ነው። ከዚያ ሐይቁ ታየ። ደሴ በተራራ የተከበበች ጎድጓዳ ሳህን ናት፤ አርዲቦ ደግሞ ያው ሳህን ውኃ ተሞልቶበት ነው። ሰው የለ፣ መኪና የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። እኔ መፈክር ሳልሰማ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስምና ጆሮዬ የጠፋ መሰለኝ።

ያረፍነው ዓሣ አጥማጁ ይመር ቤት ነው። ባለቤቱ ዘምዘም «መርሐባ፣ መርሐባ! ቤት ለእንግዳ፣ እኛ ለዛፉ ጥላ» እያለች የቤቷን ምንጣፍ ሁሉ ለእኛ አነጠፈች። የበቆሎ እሸት ጠብሳ፣ እርጎ በቅል አቀረበች። ቀኑን ሙሉ «ብሉልኝ» ስትለን ዋለች፤ ደሴ ውስጥ እኔ እንግዳን ሦስቴ ብሉ ካልኩ በቃኝ እላለሁ፣ እሷ ግን የማይሰለቻት ሰው ናት።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ተጀመረ። ይመር ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል የታሰሩ ሦስት ታንኳዎች ነበሩት፤ ቀላል፣ ቢጫ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የቀና። ሰላማዊት «ግራ! ቀኝ! ግራ!» እያለች ከዳር ትጮኻለች፤ እኛ ግን እዚያው እንሽከረከራለን። ሐዋ ሁለቴ ተመሳሳይ ቁጥቋጦ ላይ ደርሳ ሁለቴም ሰላምታ ሰጠችው። እኔ ወድቄ ወገቤ ድረስ ራስኩ። እትዬ ዘይነብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከታንኳው ይልቅ ማዶውን ያያሉ። በዚያ በኩል ጭስ ይታይ ነበር፤ የሰዓዳ መንደር ነው።

አሁን ደሴ ሁሉ የሚስቅብን ነገር መጣ። ሲመሽ ሰላማዊት ከይመር ጋር ወረቀታችንን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ልታሳይ ሄደች። ስትወጣ «ታንኳዎቹን አደራ፣ ለነገው ማዶ መሻገሪያ ናቸው» አለችን። አደራ ማለት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ተሰብስበን መረመርናቸው። በተቀመጥንባቸው ቁጥር ደንገሉ ቀጭ ቀጭ ይል እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ሰፌድ የሰፋች ሴት ሁሉ ደግሞ ደረቅ አክርማ ሲታጠፍ እንደሚሰበር፣ ስለዚህ ከመስፋት በፊት እንደሚዘፈዘፍ ታውቃለች። እኔ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

«ይኼማ ድርቅ ብሏል። ነገ መካከል ላይ ቢሰበርስ?» አለች አንዷ።

«እስኪለሰልስ ይዘፍዘፋ» አሉ እትዬ ዘይነብ፤ በመሶብ ስፌት ኮምቦልቻ የሚያውቃቸው ናቸው።

ደሴና ኮምቦልቻ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ታንኳ ደግሞ አልሰምጥም ብሎ አስቸገረን። አክርማ በገንዳ ሲዘፈዘፍ ላዩ ላይ ድንጋይ አይጫንበትም? እኛም ድንጋይ እየተቀባበልን ጫንንባቸው። እትዬ ዘይነብ ከተቀመጡበት ተነስተው የመጨረሻውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው አስቀመጡ።

ቅዳሜ ማለዳ ይመር ከሰላት ተመልሶ ሐይቁ ዳር ቆመ።

«ታንኳዎቼስ?»

«ዘፍዝፈናቸዋል» አልነው፣ ምስጋና እየጠበቅን።

«ሱብሃነላህ!» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድንጋዩን አንስተን ጎተትናቸው። ደንገሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አድሮ እንደ እርጥብ ፍራሽ ከብዷል። ደንገል የሚንሳፈፈው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ለዚህም ባለታንኳ ማታ ማታ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ወደሚያገኝበት ያቆመዋል። ይህን ሰላማዊት እያለቀሰች ነገረችን፤ ስታኮርፍ አይቻለሁ፣ ስታለቅስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ደርቀው እስኪንሳፈፉ ቀናት ይፈልጋሉ።

«በእግር ዞሮ መድረስ አይቻልም?» አልኩት ይመርን።

«ለእናንተ ይቻላል። ለእሳቸው ግን አይሆንም። መንገዱ ላይ ገደል አለ፣ በእጅ እየተያዘ ነው የሚታለፍ። በቅሎም አትደፍረው።»

እትዬ ዘይነብ የጫኑት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። «በገዛ እጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ሙሄን ፈርቼ፣ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ።» እኔም ልቤ ተሰበረ፤ ያስተማርኳቸው የስፌት ትምህርቶች ሁሉ አስጠሉኝ።

ያዳነችን ዘምዘም ናት። «የጥጃዋ በር!» ብላ ጮኸች። ይመር የተወውን አንድ አሮጌ ታንኳ የጥጃ በረት መዝጊያ አድርጋው ኖሯል። ደንገሉ ደረቅ ነው፤ ማሰሪያው ግን ተበጣጥሶ አልቋል። ዘምዘም በሩን ስታነሳው ጥጃዋ ፈትለክ ብላ ወደ እናቷ ሄደች፤ የዕለቱን ወተት እስከ ጠብታው ጠጣችው። ዘምዘም ሳቀች እንጂ ዘወር ብላም አላየቻት።

ገመድ ፈለግን፤ ያለው ሁሉ ርሷል፣ ወይም አጭር ነው። ያኔ ሐዋ መቀነቷን ፈታች። እኔም ፈታሁ። አንድ በአንድ ሁላችንም ፈታን። ይመር ጨዋ ሰው ነውና ወደ ተራራው ዞረ። የደሴ ሴቶች በወፍራም መቀነታችን የታንኳውን አፍንጫ አሰርን፤ የኮምቦልቻዎቹ «እንዲህ አይታሰርም» ብለው ፈቱብን፤ እኛም መልሰን አሰርን። ሰላማዊት እንባዋን ጠርጋ መካከላችን ገባችና የጣና አስተሳሰሩን አሳየችን። ወደ ቀትር ላይ ታንኳው ቀይ፣ አረንጓዴና ጥለት ያለበት ሆኖ ቆመ፤ ሙሽራ ይመስል ነበር።

ከሦስት ሰው በላይ አይችልም። ሰላማዊት ከፊት ቀዛፊ፣ እትዬ ዘይነብ መካከል። ሦስተኛ ውኃ የሚጨልፍ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ይመር ሁላችንንም ገርምሞ እኔን መረጠ፤ «እርስዎ ከጥጃዋ አይከብዱም» አለኝ። ሌሎቹ ከእሱ ጋር በእግር በገደሉ በኩል ሄዱ፣ ቀሚሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና ውኃው ይገፋን ጀመር። በየመቀነቱ መካከል ውኃ ይገባል፤ እኔ በጣሳ እጨልፋለሁ፤ የጨለፍኩት ተመልሶ ይገባል። ፈራሁ፣ እውነቱን ልናገር። የእኔን ጻድቅ ሁሉ ጠራሁ፤ እትዬ ዘይነብም ያሲን ቀሩ። አንዷ መቀነት መላላት ስትጀምር እትዬ ዘይነብ በእግራቸው ጣት ረግጠው ያዟት፣ ከዚያ በኋላ እግራቸውን አላነሱም። ማዶው እየቀረበ፣ ሰው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲታየን፣ አዛን ተሰማ። የአሱር አዛን ነበር።

«አለቀ» አሉ እትዬ ዘይነብ።

«አላለቀም! ይያዙ!» አለች ሰላማዊት፣ ተጨማሪውን መቅዘፊያ እያቀበለቻቸው። እትዬ ዘይነብ ያዙት። ትናንት መቅዘፊያ በእጃቸው ያልነኩት ሴት የሠርግ ወጥ እንደሚያማስሉ አድርገው ውኃውን ይቀዝፉት ጀመር። ያን ጊዜ ሊቀመንበራችን ቢያይ ኖሮ ስለ ጡንቻ ያለው ጥርጣሬ በጠቅላላ ይወገድለት ነበር።

ስንደርስ ሰላቱ ካበቃ ቆይቷል። ማንም ግን አልተበተነም። ሰዓዳ ልጇን ለአማቷ ሰጥታ ወደ ውኃው ወርዳ ቆማ ነበር። እትዬ ዘይነብ መንገዱን ሙሉ የሚሉትን ሲያጠኑ ሰምቻቸዋለሁ፤ አንዱንም አላሉትም። ሰዓዳ ቀሚሳቸውን ዳሰሰችና «እማ፣ በስብሰሻል» አለች።

«በስብሻለሁ» አሉ እናቷ።

ከዚያ ሁለቱም በአንድ ቃል «አውፍ በይኝ» ተባባሉና ተያያዙ። በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ የሚለምነው በሽማግሌ ፊት ነው፤ እዚህ ግን ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተነስተው ሳይደርሱ ነገሩ አለቀ። ዱዓ የሚያደርጉት አዛውንት፣ ነጭ ጢማቸውን እየደባበሱ፣ «እኛ ለእርቁ ስንት ቃል አሰናድተን! ልጅሽ ደግሞ 'ትንሽ ጠብቁ፣ ትንሽ ጠብቁ' እያለች በራብ ልትፈጀን ነበር» አሉ። ለካ ሰዓዳ ከሰላቱም በኋላ ስሙ እንዳይወጣ ከልክላ ኖሯል፤ ያን ያህል ተቆጥታ የላከችው ልጅ።

ሕፃኑ እትዬ ዘይነብ እቅፍ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ «በይ፣ አያቲቱ መጥታለች። ስሙን አንቺ አውጪለት» አሉ።

እትዬ ዘይነብ ልጁን ብዙ አዩት። «እኔ አላወጣም» አሉ። «ስሙን የሚያወጣ አያቱ ሙሄ ነው።»

የሰዓዳ ፊት ጠቆረ። «አባባ አይመጣም፣ እማ። ታውቂዋለሽ።»

«አይምጣ። ልጁ ያለ ስም ይቆያል፤ እኔም ስም እስኪወጣለት ድረስ ከዚህ አልነሳም። ሦስት ዓመት ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ እሱ መልስ ይስጥ።»

አዛውንቱ «ስም ማቆየት ደግ አይደለም» ብለው አጉረመረሙ። አሰቡ። «እስከ ዓርብ ጁምአ እታገሣለሁ። ከዚያ ካልመጣ እኔ አወጣለታለሁ፤ ነገሩም ይዘጋል።» ከዚያ ወዲያ የተሰማው የምግብ ድምፅ ብቻ ነበር። በገደሉ የመጡት ጓደኞቻችን መቀነት የሌለው ቀሚሳቸውን ይዘው ሲደርሱ የበጉ ቅልጥም አልቆ ነበር፤ ሐዋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችንም።

እሑድ ተመለስን፣ ሰባት ሆነን። ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቱንና እኛን አስተያየና «አንዷስ?» አለ። ሐዋ «ልጇ ወልዳ ቀረች» አለችው። እውነቱን ስለተናገረች ነው መሰለኝ አላመናትም፤ ግን አሳለፈን።

ሰኞ እኔና ሐዋ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጋቢ ለብሼ ስለመጣሁ በተራዬ የሳቁብኝ ብዙ ናቸው። አቶ ሙሄ ሱቃቸው ውስጥ የስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ። ሐዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርን ሳታጣፍጥ ተናገረች፤ ሰዓዳን፣ ልጁን፣ እትዬ ዘይነብ ያሉትን፣ ጁምአን። እሳቸው ቀና አላሉም። መኪናውን በእግራቸው ይመቱታል፤ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ዝቅ ብዬ ሳየው ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

ቆይተው እግራቸውን አቆሙ።

«ታዲያ ምን እያሉ ነው የሚጠሩት?»

«ምንም» አለች ሐዋ። «ሲያለቅስ ያነሱታል እንጂ አይጠሩትም።»

ከመደርደሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጀርባቸውን እንደሰጡን «የልጁ ቁመት ምን ያህል ይሆናል?» አሉ። ሐዋ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ከፈት አድርጋ ዘረጋች፣ ይህን ያህል ለማለት። አቶ ሙሄ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው መጡና በሁለቱ መዳፎቿ መካከል ያለውን አየር መለካት ጀመሩ። መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ በዛ፣ እንደገና ያዙት።

«እጅሽን አታነቃንቂው፣ ልኩን ታስቺኛለሽ» አሏት።

የሐዋ እጅ አልተነቃነቀም ነበር።